ትሰቀል ወይስ ትነዳ?

በሴሚስተሩ እረፍት አብዛኞቻችሁ ወደየቤተሰባችሁ ስትበተኑ እኔ ቤቴ እዚሁ ባሕር ዳር በመሆኑ የትም አልሄድኩም። እረፍቱን ያሳለፍኩት በአንዲት አሮጌ ብስክሌት ምክንያት ከአጎቴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። "ጋዜጠኝነት ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ርዕስ ጠፋ?" የሚለኝ ካለ እስቲ ትንሽ ይታገሰኝ። ከቤታችን ጓዳ የተነሳው ክርክር የት የት እንደደረሰ ሳስበው ለኔም ይገርመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌቷ የአያቴ ነበረች። አያቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ። ባሕር ዳርን በደንብ ለማታውቋት፣ ይህ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት የተፈጠረች ትመስላለች። ፈረቃ ሲቀየር አስፋልቱ በብስክሌት ይጥለቀለቅ እንደነበር የሰፈራችን አዛውንቶች ዛሬም ድረስ ያወራሉ። አያቴም ምሳ ዕቃቸውን ከኋላ አስረው፣ የሱሪያቸውን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠው በዚያ ጎርፍ ውስጥ ይሄዱ ነበር። ካረፉ 11 ዓመት ሆናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብስክሌቷ ጓዳ ውስጥ በናይሎን ገመድ ተሰቅላ፣ አሮጌ ጋቢ ለብሳ ኖራለች።

ለጥምቀት የእናቴ ታናሽ ወንድም ከአዲስ አበባ መጣ። ጓዳ ገብቶ ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ የሀብት ጉድጓድ ያገኘ ነው የመሰለው። "ስማ፣ ይቺ እኮ አንቲክ ናት! የጣልያን ዘመን ብስክሌት!" አለ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ አሮጌ ብስክሌት ውጭ አገር ስንት እንደሚጠየቅበት አሳየኝ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ብስክሌቷን አውርጄ፣ አስጠግኜ፣ ወደ ክፍል ልመላለስባት አስቤ ነበር። "አብደሃል?" አለኝ። "አቧራዋን እንኳ እንዳትጠርግ! አሥር ዓመት ጠብቅና ዋጋዋን ታያለህ።" በዚህ ላይ አንድ ሆቴል የሚከፍት ወዳጁ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው አሮጌ ዕቃ እየፈለገ ስለነበር በስልክ ፎቶዋን አይቶ 30 ሺህ ብር እሰጣለሁ አለ። አጎቴ ግን "ለሱም አትሽጥ፣ ይጨምራል" ባይ ነው። እናቴ ሁላችንንም ስታዳምጥ ቆየችና "የአባቴ ዕቃ ነው፤ እሱ ይማርበታል እንጂ እኔ አልሸጠውም፣ አላስቀምጠውም። ልጁ ይወስን" ብላ ጉዳዩን በኔ ላይ ጣለችው። ላፕቶፕ የሌለው የጋዜጠኝነት ተማሪ 30 ሺህ ብር ሲባል ልቡ ምን እንደሚል መቼም አልነግራችሁም።

እውነት ለመናገር የአጎቴ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር አቅም ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም ገበያ ስንወጣ አይተነዋል። ገንዘብ ያለው ሰው ብሩን ወደ ዕቃ ለመለወጥ ቢሯሯጥ አይፈረድበትም። አንዱ ወርቅ ይገዛል፣ አንዱ ቆርቆሮና ብረት ይገዛል፣ አጎቴ ደግሞ የአባቱን ብስክሌት ይሰቅላል። ጥያቄው አሮጌ ብስክሌት እንደ ወርቅ ተቀምጦ ዋጋውን ይይዛል ወይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ትንሽ ጠቀመኝ። አጎቴ ያሳየኝ ዋጋ ሻጮች የጠየቁት እንጂ ገዢ የከፈለው አልነበረም። በሰማንያ ሺህ ተጠርቶ በስምንት ሺህ የሚሸጥ ዕቃ መርካቶ ሞልቷል አይደል? ዜና ስንጽፍ "ተባለ" እና "ሆነ" ለየቅል ናቸው ተብለን የለ? ሁለተኛው ደግሞ "የጣልያን ዘመን" የሚለው ነው። እሱን ለማጣራት ብስክሌቷን አውርጄ እየገፋሁ ከቀበሌያችን ጀርባ ብስክሌት ከሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ ወሰድኳት። (አጎቴ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ነው ታዲያ!)

ሰውዬው ስማቸውን ከመጠየቄ በፊት የኋላ ጎማውን እምብርት በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። ከአቧራውና ከደረቀው ዘይት ሥር ፊደልና ቁጥር ወጣ። "አንብብ" አሉኝ። ስተርሚ አርቸር፣ ኖቲንግሃም ይላል፤ ቀጥሎ ኤ ደብልዩ፣ ከዚያ 58። ኤ ደብልዩ ማለት በእምብርቱ ውስጥ የተደበቀው ባለ ሦስት ማርሽ ዓይነት ነው። ድርጅቱ የተሠራበትን ዓመት በእምብርቱ ላይ ያትም ስለነበር 58 ማለት 1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኛ 1950 ወይም 1951 መሆኑ ነው። ጣልያን ከአገራችን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአጎቴ የጣልያን ብስክሌት እንግሊዛዊት ሆና ተገኘች፤ በዚያ ላይ ጣልያን ከወጣ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይታ የተወለደች! (ጎማው በኋላ ተቀይሮ ካልሆነ በቀር።) እናቴን ስጠይቃት እሷ የምታስታውሰው አያቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አስተማሪ እንደገዟት ነው።

ብስክሌቷ ራሌይ ናት። ራሌይ በኖቲንግሃም ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ድርጅት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ብስክሌት ያመርት ነበር። አሁን የኖቲንግሃም ፋብሪካ የለም፤ ከመሬቱ ከፊሉ ላይ የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 እ.ኤ.አ. አዲስ ግቢ ከፍቶበታል። አንድ ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አንድ ዕቃ ዋጋ የሚያወጣው አሮጌ ስለሆነ አይደለም፤ ጥቂት ስለሆነ ነው። በየዓመቱ በሚሊዮን ሲመረት ከነበረ ዕቃ የአያቴ ድርሻ አንድ ነው። ከአሥራ አምስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ከባሕር ዳር እንግሊዝ ድረስ አሳፍሮ፣ እዚያ በየጋራዡ ከሞላው ጋር አወዳድሮ መሸጥ እንዴት ያለ ኢንቨስትመንት እንደሆነ አጎቴ ያስረዳኝ።

"መለዋወጫ ከየት ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኳቸው ጠጋኙን። ሳቁብኝ። ከጣሪያው ሥር ከተንጠለጠለው የጎማ ክምር አንዱን ጎተት አድርገው ከቸርኬው ጋር ለኩት፤ ልክክ አለ። የቻይና ብስክሌት ጎማ ነው፣ ባለ 28 ቁጥር። ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቻይናዎቹ እንደ ፍላይንግ ፒጅን ያሉትን ከባድ ብስክሌቶቻቸውን ሲሠሩ መነሻቸው የድሮው የእንግሊዝ ብስክሌት ነበር፤ ህንዶቹም እንዲሁ። እናም እናትየዋ ፋብሪካዋ ቢዘጋም የልጆቿ ጎማ ለሷ ይሆናል። ይህን ስሰማ ግማሹ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ምክንያቱም "አይነዳ" ከሚሉት ሰዎች ክርክር ጠንካራው ይኸው ነው፤ የሚያልቀውን ክፍል የሚተካ ነገር የለም የሚል። ለአንዳንድ ብስክሌት እውነት ነው። ለአያቴ ብስክሌት ግን ጎማው፣ ካላማዳሪው፣ ሰንሰለቱ፣ የፍሬኑ ላስቲክ እዚሁ ገበያ ላይ አለ።

ለመሆኑ መስቀል ራሱ ይጠብቃታል እንዴ? እኔም ተሰቅሎ የቆየ ዕቃ ባለበት የሚቆይ ይመስለኝ ነበር። 11 ዓመት የተሰቀለችው ብስክሌት ስትፈታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎማዋ ማንም ሳይነዳት እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶ ደርቆ ሰም ሆኗል። እምብርቱ ላይ ጠብታ ዘይት የሚጨመርባት ትንሽዬ ቀዳዳ አለች፤ አያቴ ይጨምሩባት የነበረ፣ ከሳቸው በኋላ ማንም ያላስታወሳት። ማርሹ ከመድረቁ የተነሳ አንዱ ብቻ ነበር የሚይዘው። የኒኬሉ ዝገት የበረታውም በመሪው ላይ ሳይሆን ጋቢው እርጥበት ይዞ በተኛበት በኩል ነው። ጠጋኙ "ስትነዳ እኮ ቢያንስ ማታ ማታ ትወለወል ነበር" አሉኝ። ቀጠን ያለ ዘይት በቀዳዳዋ አንጠባጥበው ጎማውን ሲያሽከረክሩት መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ቲክ ቲክ ማለት ጀመረ። ያ ድምፅ አያቴ በር ላይ ሲደርሱ የምሰማው ድምፅ ነው። ቀልድ አይደለም፣ ትንሽ ደነገጥኩ።

በርግጥ ዓለም ላይ ብስክሌት በውድ አይሸጥም አልልም። በ2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ አንድ ብስክሌት በ500 ሺህ ዶላር ተሽጧል! የእንግሊዙ ሠዓሊ ዴሚየን ኸርስት በእውነተኛ የቢራቢሮ ክንፎች ያስጌጠው ነው፤ ገንዘቡም ለካንሰር ሕሙማን መርጃ ነበር። የሚገርመው ግን ሠዓሊው ከሠራው በኋላ በቀጥታ ወደ መስታወት ሳጥን አልገባም። ላንስ አርምስትሮንግ በዚያው ዓመት የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን ፓሪስ ውስጥ ነድቶታል። (ሰውዬው በኋላ በ2012 በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ድሎቹን መነጠቁ ሌላ ታሪክ ነው።) ማለቴ፣ ያን ያህል የወጣበት ዕቃ እንኳ መነዳቱ ታሪክ ሆነለት እንጂ አላረከሰውም።

ጣልያን ውስጥ ደግሞ ከኮሞ ሐይቅ አጠገብ ማዶና ዴል ጊዛሎ የምትባል ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። በ1949 እ.ኤ.አ. ጳጳሱ አሥራ ሁለተኛው ፒዮስ የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው የሰየሙት ይህችኑ የጊዛሎ እመቤት ነው። ውስጧ የእነ ፋውስቶ ኮፒ፣ የእነ ጂኖ ባርታሊ፣ የእነ ኤዲ መርክስ ብስክሌቶች ተሰቅለዋል። እኛ ለስለት ጃንጥላና መጋረጃ እንደምናስገባው መሆኑ ነው። እነዚያ ይሰቀሉ፣ ይገባቸዋል፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ ማን እንደነዳቸው፣ የት እንዳሸነፉ ይታወቃል። እኛም አገር ቢሆን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ናቸው። እነሱ ከነዱት አንዱ ዛሬ በአንድ ሰው ጓዳ ቢገኝ "ንዳው" የምል ሰው አይደለሁም፤ ሙዚየም ይግባ። የአያቴ ብስክሌት ግን ምን ሠራች ቢባል ሰው ሥራ አደረሰች፣ ሰው ቤት መለሰች። ይህን ሥራ ደግሞ ገና አልጨረሰችም።

አሮጌ ብስክሌት መንዳት አለማወቅ ወይም ድህነት የሚመስለው ካለ ወደ ቶስካና ይሂድ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ ከምትባል ከተማ ተነስቶ በጠጠር መንገድ የሚካሄድ ኤሮይካ የሚባል የብስክሌት ጉዞ አለ። ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት ነው የሚፈቀደው። ማርሹ የሚቀየረው በዱሮው ዓይነት፣ ከመሪው ላይ ሳይሆን ታች ካለው ብረት ላይ ባለ እጀታ መሆን አለበት። የጉዞው መነሻ ሐሳብ እነዚያ ያልተነጠፉ ነጭ የጠጠር መንገዶች አስፋልት ለብሰው እንዳይጠፉ ማድረግ ነበር። ሰዎቹ መንገዱንም ብስክሌቱንም የጠበቁት በመንዳት ነው። እዚያ የሚመጡት ሰብሳቢዎች ብስክሌታቸውን አቧራ ሲያለብሱት ዋጋው ይወርዳል ብለው አያለቅሱም።

የአጎቴን ሐሳብ ሳስብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ግን የቪቶሪዮ ዴ ሲካ ፊልም ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው "የብስክሌት ሌቦች"። የፊልም ክበብ ለማትመጡት ታሪኩ ይህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ አንድ ሥራ ፈት አባወራ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ነገር ግን ብስክሌት ያስፈልገዋል። ብስክሌት አለው፣ ግን መያዣ ቤት ነው። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቹን ሰብስባ ወስዳ በመያዣ ሰጥታ ብስክሌቱን ታስወጣለታለች። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ስርቆቱ ነው፤ እኔ ግን ያለፈው ሳምንት መለስ ብዬ ሳየው ያስደነገጠኝ ያ የመያዣ ቤት ነው። ብስክሌቱ እዚያ ውስጥ እያለ ሀብት ነበር፣ ወረቀት ላይ ዋጋ ተጽፎለታል። እንጀራ የሆነው ግን ከዚያ የወጣ ቀን ነው። ጓዳችን ለአያቴ ብስክሌት መያዣ ቤት ሆኖባት ነበር፤ ያውም ያበደረን ሰው በሌለበት!

ሒሳብ ያስፈልጋል ለምትሉ ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ። ከቤት ግቢ በባጃጅ በቀን ደርሶ መልስ 40 ብር አወጣለሁ። በወር 22 ቀን ብል 880፣ በዓመት ዘጠኝ ወር ብል 7,920 ብር፤ እስክመረቅ ባለው ሁለት ዓመት 15,840። ለጥገናው ሁለት ጎማ፣ ሁለት ካላማዳሪ፣ ሰንሰለት፣ የፍሬን ላስቲክና የእጅ ዋጋ ጨምሮ 4,300 ብር ከፈልኩ። የተጣራው 11,540 ነው። እንግዲህ ሸሽጌ አላልፍም፤ የሆቴሉ ሰውዬ 30 ሺህ ከዚህ ይበልጣል። በደረቅ ሒሳብ ከሄድን መሸጥ ያሸንፋል፤ ማስቀመጥ ደግሞ የመጨረሻ ይወጣል፣ ምክንያቱም ምንም ሳያስገኝ ጎማውን እንኳ ይበላል። አጎቴ ይህን ስነግረው "በለው! ሽጣት እንግዲያው" አለኝ። ራሱ አትሽጥ ሲለኝ የነበረው ሰውዬ!

አልሸጥኩም። ያለ ላፕቶፕ ሁለት ዓመት መቆየት ማለት ጽሑፌን የምተይበው አሁንም በላይብረሪ ኮምፒውተር ነው ማለት ነው፤ ይህቺንም የጻፍኩት ወረፋ ጠብቄ ነው። ሆኖም የሆቴሉን ግድግዳ ሳስበው አልዋጥልህ አለኝ። አይታችኋል መቼም፤ ባህላዊ የሚባል ምግብ ቤት ስትገቡ ሞሰብ፣ ጋሻ፣ አሮጌ ሬዲዮ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የማን ነበር? ማንም አያውቅም። አስተናጋጁን ብትጠይቁት "ለዲኮር ነው" ይላችኋል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው። አጎቴ ቢያንስ የአባቱ መሆኗን ያውቃል። እዚያ ግድግዳ ላይ ግን የአያቴ ብስክሌት ማንም ያልነዳት አሮጌ ብረት ትሆናለች።

አንድ ነገር ላይ ከአጎቴ ጋር ተስማምቻለሁ። ጠጋኙ በቅንነት "እስቲ አንዴ በብርማ ቀለም ልርጫትና አዲስ ላስመስልልህ፣ መቀመጫዋንም በስፖንጅ እንለውጠው" ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ጥቁር ቀለሟ ተፋፍቋል፣ መሪዋ ሥር ያለው የራሌይ ዓርማ ግማሹ የለም፤ የተፋፋቀው ግን የአያቴ ጉልበትና የምሳ ዕቃቸው ገመድ በነካው ቦታ ነው። ቀለም አንዴ ከተረጨ አይመለስም። መቀመጫዋን ግን መቀየር ግድ ነበር፤ ቆዳው ተሰንጥቆ ነበርና። አሮጌውን መቀመጫ፣ አሮጌውን ሰንሰለትና የተቀዳደዱትን የፍሬን ላስቲኮች በካርቶን አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ላዩ ላይ እናቴ የነገረችኝን፣ እምብርቱ ላይ ያነበብኩትንና የተጠገነችበትን ቀን በአንድ ገጽ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። አጎቴ ካርቶኑን በቪዲዮ ሳሳየው ትንሽ ዝም ብሎ "ይሁን፣ ግን በዝናብ እንዳትነዳት" አለኝ።

መጀመሪያ የነዳኋት እሑድ ጧት ነው፣ መኪና ሳይበዛ፤ ወደ አዲሱ የዓባይ ድልድይ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ፍሬኗ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ ስለሆነ ቶሎ አይዝም፤ ከሩቅ ማሰብ ይጠይቃል። ከባድ ናት፣ ዳገት ትጠላለች፣ ሜዳ ላይ ግን አንዴ ከተነሳች የሚያቆማት የለም። ሦስተኛው ማርሽ አልፎ አልፎ ያመልጣል።

ሰኞ ወደ ግቢ ይዣት መጣሁ። በሩ ላይ ጥበቃው አባት አስቆሙኝ። "አንተ ልጅ፣ ይቺን ከየት አመጣሃት?" አሉኝ። የአያቴ መሆኗን ነገርኳቸው። ዞር ዞር ብለው አይዋት፣ ደወሏን መታ አደረጓት፤ "በመታወቂያህ ላይ አስመዝግባት፣ ያለዚያ ስትወጣ አላሳልፍህም" አሉ። ሰዓት ደርሶብኝ ነበር፣ ፈተና አለብኝ አልኳቸው። "ሂድ ግባ፣ እኔ ልያዝልህ" አሉኝ። ከፈተናው ስወጣ ብስክሌቷ የዛፉ ሥር ተደግፋ አገኘኋት፤ መቀመጫዋ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል። ግቢውን ሁለት ጊዜ እንደዞሩባትና የኋላ ፍሬኗ ጠበቅ ማለት እንዳለበት ነገሩኝ።